ቅኝት በመዝገበ ዕውቀት እንዴት ይጻፋል? ዳሰሳ

ቅኝት በአንድ ስም የሚጠራ የሦስት ነገር ስብስብ ነው። ክራር መቺው ከመጫወቱ በፊት አውታሮቹን የሚያስተካክልበት ሥርዓት ቅኝት ይባላል። ዜማው የሚመላለስባቸው ድምፆችም ቅኝት ይባላሉ። ዜማው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ፣ የትኛው ድምፅ ላይ እንደሚዘገይና የትኛውን ነካ አድርጎ እንደሚያልፍ የሚወስነው የአዘፋፈን ልማድም እንዲሁ ቅኝት ነው። ስለ ቅኝት የሚጻፉ የመዝገበ ዕውቀት መጣጥፎች፣ የታተሙትም ሆኑ ማንም ገብቶ የሚያርማቸው እንደ ውክፔዲያ ያሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ ሁለተኛውን ብቻ ይዘው ይቀራሉ። አምስት ኖታ ይደረድራሉ፣ «ጥንታዊ» የሚል ቃል ይጨምራሉ፣ ስሜቱን በአንድ ቅጽል ገልጸው ያበቃሉ። እንዲህ ያለውን መጣጥፍ ያነበበ ሰው አምባሰልን ከትዝታ በጆሮው መለየት አይችልም። ስለዚህ ጥያቄው ስለ ቅኝት ይጻፍ ወይስ አይጻፍ አይደለም፤ ምን ተሟልቶ፣ ከማን ተሰምቶ፣ በምን ቅደም ተከተል ይጻፍ የሚለው ነው።

ስለ ኢትዮጵያ ዜማ በጥናት መልክ መጻፍ የተጀመረው ከአገር ውጭ ነው። ናፖሊዮን ወደ ግብፅ ሲዘምት አብረውት ከሄዱት ምሁራን አንዱ የሆነው ጊዮም ቪሎቶ ካይሮ ያገኛቸውን ኢትዮጵያውያን ካህናት ጠይቆ የቤተ ክርስቲያኑን የዜማ ስልቶች፣ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን፣ በአውሮፓ ኖታ ጻፈ። ሥራውም ስለ ግብፅ በተዘጋጀው ግዙፍ የፈረንሳይ መድበል ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ታተመ። ካዚሚር ሞንዶን ቪዳዬ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ የጻፈው ረጅም መጣጥፍ ደግሞ ደራሲው ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1922 ፓሪስ ውስጥ በታተመ የሙዚቃ ኢንሳይክሎፒዲያ ወጣ። ማይክል ፓውን እ.ኤ.አ. በ1968 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ያሳተመው መግቢያ መጽሐፍ የቤተ ክርስቲያኑንም የዓለማዊውንም ዜማ በአንድ ጥራዝ አስተዋወቀ። እነዚህ ሁሉ ባለውለታዎች ናቸው። ሆኖም ሰሚው ከውጭ የመጣ ነው፤ የሰማውንም መልሶ ያስቀመጠው በለመደው የኖታ መስመር ላይ ነው።

ሥራው ወደ አገር ቤት የገባው በስድስት ኪሎ በኩል ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ከሰጡ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1963 በዚያው ግቢ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በሪቻርድ ፓንክረስት ዳይሬክተርነት ተቋቋመ። የተቋሙ ሙዚየም ዛሬም ከሌሎች ቅርሶች ጋር የባህል የሙዚቃ መሣሪያዎችን በቤተ መንግሥቱ ክፍሎች ያሳያል። በዚያው ዓመት ትውልደ ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ በዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበባት ማዕከል ውስጥ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ፤ በኋላም ተስፋዬ ለማ ለዓመታት መራው። ይህ ቡድን ለቅኝት ታሪክ ትልቅ ትርጉም አለው። ክራሩ፣ ማሲንቆው፣ ዋሽንቱና በገናው እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ሲጫወቱ መነሻ ድምፁ የተጫዋቹ ጉዳይ ነበር፤ በዘፋኙ ጉሮሮ ልክ ይወጠራል፣ ያልቃል። በአንድ መድረክ ላይ በኅብረት ሲሰለፉ ግን ሁሉም የሚስማሙበት አንድ መነሻ የግድ ይሆናል። በዚያው ዘመን የቅዱስ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ ቅኝትን በኖታ ማስተማርና ማጥናት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ለዶክትሬት ያቀረበው ሥራም ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ዕድገትና ባህላዊ መሠረት ነበር። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ «አራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች» ተብለው በተርታ የሚጠሩበት ልማድ የጠነከረው በዚህ የትምህርት ቤት፣ የኦርኬስትራና የቲያትር ቤት ዘመን ነው።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጥናቶችን ሳያይ ስለ ቅኝት የሚጽፍ አርታኢ መንገዱን ይስታል። ሲንቲያ ኪምበርሊን እ.ኤ.አ. በ1976 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበችው የዶክትሬት ጥናት የቅኝትን ምንነት በማሲንቆ በኩል የመረመረ ነው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መምህር የነበረው ዕዝራ አባተ በ16ኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ መድበል፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ የቅኝቶችን አወቃቀርና አፈጣጠር ተንትኗል። ስቴፋኒ ቫይሰርና ፍራንሲስ ፋልሴቶ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 የአማራ ዓለማዊ ሙዚቃን ቅኝት በድምፅ ልኬትና በታሪክ ሰነድ አጣምረው አጠኑ። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 ሃምቡርግ ላይ በአምስት ጥራዝ የተዘጋጀው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካም የሙዚቃ መጣጥፎች አሉት። ይህ ሁሉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የአማርኛ አንባቢ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ተቀንጭቦ፣ ማን እንዳለው ሳይነገር የተገለበጠውን ነው።

ኖታው ምን ይናገራል፣ ምን ይደብቃል

በትምህርት ቤት ጽሑፎች ቅኝቶቹ ዶን መነሻ አድርገው ይጻፋሉ። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ትዝታ ማይነር ሚውንና ላውን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያደርጋል፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ሲሆን ባቲ ማይነር ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት ነው። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ተብሎ ይጻፋል። አንቺሆዬ ደግሞ በብዙዎቹ ጽሑፎች ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። ሜጀርና ማይነር የሚሉት ቃላት ከምዕራቡ ሙዚቃ የተወሰዱ ቢሆኑም ሙዚቀኛው በየቀኑ ስለሚጠቀምባቸው ከመጣጥፍ ሊወጡ አይገባም። የሚያመለክቱት ግን በዋናነት ከመነሻው ያለውን የሚ ርቀት መሆኑ ሊነገር ይገባል፤ የምዕራቡ ሜጀርና ማይነር ሥርዓት ሙሉ በሙሉ እዚህ አለ ማለት አይደለም።

አንድ ኦክታቭ በ12 እኩል ግማሽ ድምፆች ይከፈላል ቢባል የየቅኝቱ እርምጃ በቁጥር ሊቀመጥ ይችላል። ትዝታ ሜጀር 2፣ 2፣ 3፣ 2፣ 3 ይራመዳል። ትዝታ ማይነር 2፣ 1፣ 4፣ 1፣ 4። ባቲ ሜጀር 4፣ 1፣ 2፣ 4፣ 1። ባቲ ማይነር 3፣ 2፣ 2፣ 3፣ 2። አምባሰል 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4። አንቺሆዬ 1፣ 4፣ 1፣ 3፣ 3። እዚህ ላይ በብዙ መጣጥፎች ውስጥ የማይታየው ዋና ነገር ብቅ ይላል። የትዝታ ማይነርን አምስት ድምፆች ሳይነኩ መነሻውን ከዶ ወደ ሶል ቢያዛውሩት ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት ይገኛል፤ እርምጃውም 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4 ነው። ይህ አምባሰል ነው። የትዝታ ሜጀርን መነሻ ወደ ላ ቢወስዱት ደግሞ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ይሆናል፤ ያ ባቲ ማይነር ነው። በኖታ ዝርዝር ብቻ የተጻፈ መጣጥፍ ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ቅኝቶችን አንድ አድርጎ ሊያቀርብ ይችላል። ልዩነቱ ያለው በቤቱ ላይ ነው፦ ዜማው ተንከራትቶ የሚመለስበት ድምፅ የቱ ነው? ባቲ ሜጀርና አንቺሆዬ ግን ከሌሎቹ በማንኛቸውም መነሻውን በማዛወር አይገኙም፤ አንቺሆዬም ከዶ እስከ ሶል ፍላት ባለው ርቀቱና ትክክለኛ ሶል ባለመያዙ ከሁሉም ተለይቶ ይቆማል። ይህን የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ከአምስት ቅጽሎች ይበልጣል።

መመሪያው እንግዲህ ቀላል ነው። የድምፆቹ ዝርዝር ሲሰጥ የማረፊያው ድምፅ አብሮ ይሰጥ፤ ቅኝቱ ከየትኛው ሌላ ቅኝት ጋር ድምፅ እንደሚጋራ ይጠቀስ፤ ዶ ለጽሑፍ ምቾት የተመረጠ መነሻ እንጂ የቅኝቱ የራሱ እንዳልሆነ ይገለጽ።

ይኸው የቁጥር ቋንቋ ለንጽጽር ያገለግላል፤ በጥንቃቄ ካልተያዘ ግን ለተረትም በር ይከፍታል። ትዝታ ማይነር በጃፓን የኮቶ በገና ላይ ሂራጆሺ ከሚባለው አቃኛኘት ጋር በእርምጃ አንድ ነው። ትዝታ ሜጀር ከቻይና እስከ ስኮትላንድ በሚዘፈኑ ዜማዎች ውስጥ የሚገኘው የታወቀ ባለ አምስት ድምፅ መሰላል ነው። አንድ ሰው ይህን ሲያይ «የኢትዮጵያና የጃፓን ሙዚቃ አንድ ምንጭ አለው» ብሎ መጻፍ ይቃጣዋል። ኦክታቭን በአምስት ድምፅ የመክፈያ መንገዱ ውስን ስለሆነ ግን ሁለት ሕዝቦች ሳይተዋወቁ አንድ መሰላል ላይ ሊደርሱ ይችላሉ። መጣጥፉ መመሳሰሉን ይንገር፤ ዝምድናን ግን ማስረጃ ሳይኖር አይፍጠር። ትዝታን «የኢትዮጵያ ብሉዝ» የሚለው አጠራርም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ፋልሴቶ ያዘጋጀው የኢትዮፒክስ ተከታታይ አሥረኛው አልበም ትዝታን ከብሉዝ ጋር አያይዞ ሰይሞታል፤ ያ ለውጭ አድማጭ የተሰጠ የአልበም ስም ነው፣ የቅኝት ትርጓሜ አይደለም።

መሣሪያው ሳይጠቀስ ቅኝት አይታወቅም

ቅኝትን «የአውታር አወጣጠር» ብሎ መተርጎም ለክራር ልክ ነው። ባለ ስድስት አውታሩ ክራር አምስቱን ድምፆች በአምስቱ አውታሮች ይይዛል፤ ስድስተኛው አንዱን ድምፅ በኦክታቭ ይደግማል። ስለዚህ ክራር መቺው በአንድ ቅኝት ውስጥ እያለ ሌላ ድምፅ አያገኝም፤ ሌላ ቅኝት ሲፈልግ አውታር ማላላት ወይም ማክረር አለበት። ከትዝታ ሜጀር ወደ ትዝታ ማይነር ለማለፍ ሁለት አውታሮችን በግማሽ ድምፅ ማላላት ይበቃዋል። መነሻውን ሳይለቅ ከትዝታ ሜጀር ወደ ባቲ ማይነር ለመሄድ ግን ሦስት አውታሮችን ማክረር ይኖርበታል፤ ሬው ወደ ሚ ፍላት፣ ሚው ወደ ፋ፣ ላው ወደ ሲ ፍላት። ቀንበሩ ላይ በጨርቅ ተጠምጥሞ የታሰረ አውታር በሰላም ወደሚፈለገው ቦታ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። በአዝማሪ ቤት በአንድ ዘፈንና በሌላው መካከል የሚሰማው የአውታር ማስተካከል፣ ነካ ነካ አድርጎ የማዳመጥ ጊዜ፣ ቅኝት ሲለወጥ በዓይን የሚታይበት ቅጽበት ነው።

ማሲንቆ ላይ ግን ትርጓሜው ይፈርሳል። አንድ አውታር ብቻ ነው ያለው፤ ጣት የሚያርፍበት ሰሌዳም የለውም። የማሲንቆ ተጫዋች ከትዝታ ወደ አምባሰል ሲሻገር አውታሩን አይነካም፤ ጣቶቹ የሚያርፉበት ቦታ ይለወጣል። ቅኝቱ እጁ ውስጥ ነው። ዋሽንት ደግሞ ቀዳዳዎቹ አንዴ ከተበሱ በኋላ አይንቀሳቀሱም፤ ለዚህ ነው ዋሽንት ነፊ የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ዋሽንቶች ይዞ የሚሄደው፤ ቀዳዳውን በከፊል በመድፈንም የሚጎድለውን ድምፅ ያወጣል። በገና አሥር አውታሮች አሉት፤ በጣት ሲደረደር ግን ሁሉም አይመቱም፤ ከፊሎቹ የጣት ማረፊያ ናቸው። በበርኩማው ላይ በየአውታሩ ሥር የሚገቡት እንዚራ የሚባሉት ትንንሽ ቆዳዎች ደግሞ ድምፁን ያንዘረዝሩታል፤ በዚህ የተነሣ ጥርት ያለ አንድ ከፍታ ለጆሮ መያዝ ቀላል አይደለም። ስለ አንድ ቅኝት የሚጻፍ መጣጥፍ በምን መሣሪያ እንደተሰማ ሳይናገር ድምፆቹን በደረቁ ቢዘረዝር እነዚህን ሁሉ ልዩነቶች በአንድ መስመር ደምስሷቸዋል ማለት ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ትልቁ ጉዳይ የርቀቱ ልክ ነው። ፒያኖና ኪቦርድ ኦክታቭን በ12 እኩል ክፍል ይከፍላሉ፤ የድምፅ ተመራማሪዎች ደግሞ ያንኑ ኦክታቭ በ1200 ሴንት ይለኩታል፤ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው። የክራር መቺ ጆሮ ግን ለፒያኖ አይገዛም። አንድ ሚ ከፒያኖው ሚ ትንሽ ዝቅ፣ ከሚ ፍላት ትንሽ ከፍ ብሎ ሊቀመጥ ይችላል፤ ይኸው ሙዚቀኛ በሌላ ቀን በሌላ ልክ ሊቃኝ ይችላል። ኪምበርሊንም ሆነች ቫይሰርና ፋልሴቶ ወደ ልኬት የሄዱት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና ከዚያ በኋላ በነሐስ መሣሪያና በኦርጋን የታጀቡ የአዲስ አበባ ባንዶች የእኩል ክፍፍሉን ድምፅ በሬዲዮና በሸክላ በየቤቱ አስገቡ፤ የዛሬው ወጣት ጆሮም በአብዛኛው የለመደው ያንን ነው። ሁለቱም ትክክለኛ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ናቸው። መጣጥፉ ግን የኪቦርዱን ኖታ «ትክክለኛው» አድርጎ የክራሩን «የተዛባ» ማስመሰል የለበትም። የኖታ ዝርዝር ሲሰጥ «በእኩል ክፍፍል ተጠግቶ ሲጻፍ» የሚል ማሳሰቢያ ይኑረው። የተለካ ቁጥር ካለ የተጫዋቹ ስም፣ መሣሪያው፣ የተቀዳበት ቦታና ዓመት አብሮት ይሂድ፤ እነዚህ ከሌሉት ሴንት የተጻፈበት ሰንጠረዥ ምንም ያህል ሳይንሳዊ ቢመስል ዋጋ የለውም።

ስም፣ ቦታና የትውልድ ታሪክ

አራቱም ስሞች ሌላ ነገርም ይሰይማሉ። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ያለች፣ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት። አምባሰል በደቡብ ወሎ ያለ ወረዳ ነው። ትዝታ ስሜት ነው፣ ብዙ ድምፃውያን በየራሳቸው ግጥም የዘፈኑት ዘፈን ነው፣ ቅኝትም ነው። አንቺሆዬ ደግሞ ዘፈንም ቅኝትም ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው የአርታኢ ሥራ መለየት ነው፦ ስለ ዘፈኑ አንድ መጣጥፍ፣ ስለ ቅኝቱ ሌላ መጣጥፍ። ሁለቱ ሲደባለቁ «ትዝታ የናፍቆት ቅኝት ነው» የሚለው ግማሽ እውነት ይፈጠራል። የትዝታ ዘፈን በእርግጥ ናፍቆትን ያነሣል፤ በትዝታ ቅኝት ግን የሠርግ ጭፈራም፣ የደስታ ዘፈንም ይዘፈናል። ስሜት የሚገለጸው በቅኝቱ ብቻ ሳይሆን በምቱ፣ በግጥሙና በዘፋኙ ነው።

ስሞቹ ወደ ወሎ መጠቆማቸው ግልጽ ነው፤ ወሎ ለእነዚህ ቅኝቶች የሰጠችው ድርሻም በማሪቱ ለገሠና በሌሎች የወሎ ድምፃውያን ሥራ ይሰማል። ነገር ግን አንድ ቅኝት በአንድ ቦታ ስም መጠራቱ እዚያ መፈጠሩን አያረጋግጥም፤ ቅኝቱን ያስታወቀው ዘፈን ያንን ቦታ ስለሚጠራም ሊሆን ይችላል። «ከዚህ ዘመን ጀምሮ» የሚለውም ጥንቃቄ ይሻል። አራቱ ቅኝቶች በአንድ ረድፍ ተቆጥረው በጽሑፍ የሚታዩት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ዜማዎቹ ከዚያ በፊት አልነበሩም ማለት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1908 ተሰማ እሸቴ በርሊን ሄዶ በሸክላ ያስቀዳቸው ዘፈኖች የቀደመውን ዘመን ድምፅ የያዙ የጽሑፍ ያልሆኑ ሰነዶች ናቸው። ስለ ቅኝት ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከመጽሐፍ በፊት እንዲህ ያሉ ቅጂዎችን ቢሰማ ይበጃል።

የታላላቅ ሙዚቀኞች ንግግርም በስማቸው ይቀመጥ። ሙላቱ አስታጥቄ የደራሼ ሕዝብ ፊላ በሚባለው የነፋስ መሣሪያ ሙዚቃው የሚጠቀምበት የድምፅ መሰላል የአውሮፓና የአሜሪካ ሙዚቀኞች ከደረሱበት የቀደመ መሆኑን በተለያዩ ቃለ ምልልሶች ተናግሯል። ይህ ሊጠቀስ የሚገባው አስተያየት ነው፤ የኢትዮ ጃዝ አባት ያለው ነገር የሙዚቃውን አስተሳሰብ ያሳያል። መጣጥፉ ግን «ሙላቱ እንደሚለው» ብሎ ይጻፈው እንጂ የተረጋገጠ የቅደም ተከተል ታሪክ አድርጎ አያቅርበው። ለእርሱ ያለውን አክብሮት የሚያሳየውም ይኸው ነው።

የቤተ ክርስቲያን ዜማ ጉዳይ ራሱን የቻለ መጣጥፍ ይፈልጋል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በትውፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድ ያስገኛቸው የዜማ ስልቶች ናቸው። እነርሱን ከአራቱ ዓለማዊ ቅኝቶች ጋር አንድ ለአንድ ማዛመድ፣ «ግዕዝ እንዲህ ያለው ቅኝት ነው» ማለት፣ በአማርኛ ጽሑፎች ውስጥ በብዛት የሚታይ ስሕተት ነው። የዜማ ስልቶቹ በድምፅ መሰላል ብቻ አይለዩም፤ በእንቅስቃሴያቸው፣ በሚዜሙበት ወቅትና በአገልግሎቱ ዓይነትም ይለያሉ። በዜማ መጽሐፉ በድጓ ላይ ከፊደሉ በላይ የሚጻፉት ምልክቶች፣ ድፋት፣ ሒደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት፣ የነጠላ ድምፅ ከፍታ አይናገሩም፤ መሪጌታው በቃሉ የያዘውን የዜማ አካሄድ ያስታውሳሉ። ኬይ ካውፍማን ሸለመይና ፒተር ጄፈሪ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በሦስት ጥራዝ ያሳተሙት የዜማ መድበልም ይህን ሥርዓት በራሱ ቋንቋ ለማሳየት የደከመ ነው። ስለዚህ ከዓለማዊው ቅኝት መጣጥፍ ውስጥ ለቤተ ክርስቲያን ዜማ አንድ አመላካች ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ስፋቱም ልክ ይኑረው። «የኢትዮጵያ ቅኝቶች አራት ናቸው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከሁሉም በላይ መታረም ያለበት ነው። አራቱ በአማርኛ ዓለማዊ ዘፈን ውስጥ የተሰየሙና በትምህርት ቤት የሚሰጡ ናቸው። የዶርዜ ሰዎች በብዙ ድምፅ እየተቀባበሉ የሚዘፍኑት፣ የደራሼ የፊላ ኅብረት፣ የበርታ የነፋስ መሣሪያዎች ቡድን፣ የኦሮሞው፣ የትግራዩ፣ የሱማሌው፣ የሐረሪው ዜማ እያንዳንዱ የራሱ አደረጃጀት አለው። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ከአራቱ ጋር ድምፅ ይጋራሉ፤ ድምፅ ስለተጋሩ ግን ስሙን ወስዶ መለጠፍ አይገባም። ማኅበረሰቡ የራሱ ስም ካለው በዚያ ስም ይጻፍ፤ ከሌለው የዘፈኑ ዓይነት ይጠቀስ።

አንድ መጣጥፍ ምን ይምሰል

ለምሳሌ አምባሰልን እንውሰድ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ቦታውን ያሲዛል፦ አምባሰል በአማርኛ ዓለማዊ ሙዚቃ ውስጥ ከሚጠሩት አራት ዋና ቅኝቶች አንዱ ነው። ሁለተኛው ድምፆቹን ይሰጣል፦ ዶን መነሻ አድርጎ በእኩል ክፍፍል ተጠግቶ ሲጻፍ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ሦስተኛው ከዘመዱ ይለየዋል፦ መነሻው ሲዛወር ድምፆቹ ከትዝታ ማይነር ጋር አንድ ናቸው፤ የሚለየው ዜማው የሚያርፍበት ድምፅ ነው። ቀጥሎ በክራር እንዴት እንደሚቃኝ፣ በማሲንቆ ጣት እንዴት እንደሚሄድ በአጭሩ ይነገራል። ከዚያ ስም የተጠቀሰባቸው ሁለት ሦስት ቅጂዎች ይመጣሉ፤ ዘፋኙ፣ መሣሪያው፣ ዓመቱ። ስለ ስሙና ስለ ቦታው የሚነገረው «ይባላል» ተብሎ ሳይሆን ማን እንዳለው ተጠቅሶ ይገባል። «ያንጀት»፣ «የሚያባባ»፣ «ልብ የሚነካ» የሚሉት ቃላት ከነአካቴው ይቅሩ፤ አንባቢው ሰምቶ ራሱ ይፍረድ። ይህ ሁሉ ከአንድ ገጽ አይበልጥም።

ሁለት ተራ ግን አስቸጋሪ ጉዳዮች ይቀራሉ። አንዱ የዘመን አቆጣጠር ነው። በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር መካከል ያለው የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ሳይጠቀስ የሚጻፍ ዓመት ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲሻገር ይበላሻል፤ አንድ ሸክላ ሳይቀዳ የተቀዳ፣ አንድ ትምህርት ቤት ሳይከፈት የተከፈተ ይመስላል። «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» በእያንዳንዱ ዓመት አጠገብ ይጻፉ። ሌላው ባለመብትነት ነው። ቅኝት የማንም ንብረት አይደለም፤ የድምፅ ቅጂው፣ የተጻፈው ግጥምና የተቀነባበረው ሥራ ግን በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ነው። ስለዚህ ለምሳሌ የሚሆን ድምፅ ከገበያ ካሴት ቆርጦ ከመለጠፍ ይልቅ በፈቃድ የተቀዳ አጭር የክራር ወይም የማሲንቆ ድምፅ ማዘጋጀት ሕጋዊም ነው፣ ለማስተማርም ይሻላል፤ ቅኝቱ ብቻውን፣ ያለ ባንድ ጫጫታ ስለሚሰማ።

ይህን ማድረግ የሚችሉት ሰዎች በአንድ አካባቢ ነው የሚገኙት። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የክራር፣ የማሲንቆና የዋሽንት መምህራንን ይዟል፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መጻሕፍትን፣ የጥናት ወረቀቶችንና መሣሪያዎችን ይዟል፤ ሁለቱም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ናቸው፣ ሁለቱም ስድስት ኪሎ አካባቢ። ለመመረቂያ ስለ አንድ ቅኝት የሚያጠና ተማሪ አንድ ባለሙያ ቀድቶ፣ ድምፁን ለክቶ፣ ማረፊያውን ለይቶ፣ በአማርኛ አንድ ገጽ ቢጽፍና መምህሩ አርሞ ቢያወጣው፣ ቀድሞ በሌላ ቋንቋ ያልተጻፈ ነገር በአማርኛ ይገኛል። ቅኝትን በጣታቸው የሚያውቁት አዛውንት ሙዚቀኞች እያሉ ይህ ሥራ ቢጀመር ይበጃል፤ ከሁሉ አስቀድሞ መቅዳት የሚገባውም የእነርሱን እጅ ነው።